«ተራ» እና «ቍጥር»፦ በአንድ የጥገና መመሪያ ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

ለአስተያየት የደረሰኝ የአሮጌ መኪናዎች የጥገና መመሪያ ረቂቅ በብዙ ረገድ የሚመሰገን ነው። «ካንዴላ»ን፣ «ፍሪሲዮን»ንና «ኮፈን»ን ባለሙያው እንደሚጠራቸው ትቷቸዋል፤ ለእነዚህ ከግእዝ ቃል ለመፍጠር አለመድከሙ ማስተዋል ነው። ጕድለቱ ያለው ማንም በማይጠረጥረው፣ የራሳችን በሆነው «ተራ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ረቂቁ ሲሊንደሮች በሞተሩ ላይ በየቦታቸው የሚሰጣቸውን ቍጥር «የሲሊንደር ተራ» ይለዋል፤ የሚቀጣጠሉበትንም ቅደም ተከተል ያንኑ «የሲሊንደር ተራ» ይለዋል። በአማርኛ «ተራ» ሁለቱንም ይሸከማል። «አውቶቡስ ተራ»፣ «ምን አለሽ ተራ» ስንል ቦታን፣ «ተራህ ደረሰ» ስንል ጊዜን ማመልከታችን ነው። በዕለታዊ ንግግር ዐውዱ ይለየዋል፤ የሞተር ማቀጣጠያ ጊዜ በሚስተካከልበት ገጽ ላይ ግን ቦታውም ጊዜውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚገኙ አንባቢው መለያ ያጣል።

ቮልስዋገንን፣ በተለምዶ «ቮልስ» የምንላትን፣ እንውሰድ። አራቱ ሲሊንደሮቿ ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ የተኙ ናቸው። ቍጥር 1 በቀኝ ወደ መኪናዋ ፊት፣ በፍሪሲዮኑ ወገን ነው፤ 2 ከእርሱ ኋላ፤ 3 በግራ ከፊት፤ 4 በግራ ከኋላ። የሚቀጣጠሉት ግን 1-4-3-2 እያሉ ነው። ረቂቁ «የመጀመሪያው ሲሊንደር በቀኝ ከፊት ያለው ነው» ብሎ ያልፋል። የማን ፊት? ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ መካኒኩ የሚቆመው ከመኪናዋ ጀርባ ነው፤ ለእርሱ «ፊት» ዐይኑ ሥር ያለው የችንጋው ወገን ነው። በዚህ ንባብ 2ን 1፣ 4ን 3 ብሎ የካንዴላ ገመዶቹን ያሰረ ሰው እውነተኛውን ተራ 2-3-4-1 ያደርገዋል፤ አራቱም ሲሊንደሮች ያለጊዜያቸው ይቀጣጠላሉ። (የራሴን አሮጌ ቮልስ በረቂቁ መሠረት ሞክሬ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ አስተኵሻታለሁ።)

«የመጀመሪያው» ማለትም እንዲሁ ያሳስታል። በፊያት 1100 ቍጥር 1 በራዲያተሩ ወገን ነው፤ በፔጆ 504 ግን ከራዲያተሩ ርቆ፣ በቮላኖው ማለትም ከፍሪሲዮኑ ጋር በተያያዘው ከባድ መንኰራኵር ወገን ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት ለቆመ ሰው በፔጆው «የመጀመሪያው» የመጨረሻው ነው። እዚህ «1» ስም እንጂ ደረጃ አይደለም። «አራት ኪሎ» የምንለውን ሰፈር «አራተኛ ኪሎ» ብንለው ማን ይደርስበታል?

ስለዚህ ለቦታው «ሲሊንደር 1»፣ «ሲሊንደር 2» ያለ «-ኛ» ቢጻፍ፤ «ተራ» ለጊዜው ብቻ ተለይቶ «የማቀጣጠያ ተራ» ቢባል እመርጣለሁ። «ቅደም ተከተል» ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ፤ መልካም ቃል ነው፣ እጁ በግራሶ የተለወሰ ሰው ግን አይጠራውም። «ቀኝ» ሁልጊዜ በሾፌሩ ወንበር ለተቀመጠ ሰው ቀኝ መሆኑ በመቅድሙ ይገለጥ፤ «ፊት» ደግሞ ፈጽሞ ይቅርና «በፍሪሲዮን ወገን»፣ «በችንጋ ወገን» ይባል።

ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት ስለ ቮልስ ዲስትሪቢዩተር የተጻፈው ነው፦ «በጠርዙ ላይ ያለው ጭረት የመጀመሪያውን ተራ ያሳያል» ይላል። ጭረቱ የሚያሳየው ሲሊንደር 1ን ነው።