የእጅ ስልክ መተግበሪያ ገጾች ስያሜ፤ በአንድ ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

የጉግል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያውን የተረጋጋ እትም ባወጣው «ፍላተር» በተባለው መሣሪያ የእጅ ስልክ መተግበሪያ መሥራትን በአማርኛ ለማስተማር የተዘጋጀ የስያሜ ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶናል። አዘጋጆቹ ስለ ድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ቃላቱን አንድ በአንድ ከእንግሊዝኛው ጎን እያሰለፉ ስለ ተረጐሙ፣ ለየብቻ ሲነበቡ ደኅና የሚመስሉት ስያሜዎች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ይጋጫሉ።

በፍላተር ገጽ የሚገነባው ዊጅት በሚባሉ አሐዶች ነው። ጽሑፉ ዊጅት ነው፤ አዝራሩም ዊጅት ነው፤ አዝራሩን መካከል ላይ የሚያውለውና ባዶ ቦታ የሚተውለትም፣ ራሱ ባይታይም፣ ዊጅት ነው። ረቂቁ ይህን አሐድ «ክፍል» ብሎታል። ነገር ግን ማናቸውም ዊጅት በዳርት ቋንቋ የሚጻፈው እንደ ክላስ ሲሆን፣ ክላስንም ረቂቁ «ክፍል» ይለዋል። ስለዚህ ተማሪው «ይህ ክፍል የዚያ ክፍል ንዑስ ክፍል ነው» የሚል ሲያነብ፣ አንዱ የሌላውን ጠባይ የወረሰ ይሁን ወይስ በሌላው ውስጥ የተቀመጠ ሊለይ አይችልም። «ዕቃ» የሚለው አማራጭም አይረዳም፤ ባዶ ቦታ ዕቃ አይደለምና። ሬዲዮንና ባንክን የተቀበለ ቋንቋ ዊጅትንም ቢቀበል አይጐዳም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን አንዱ በሌላው ውስጥ መግባቱን ለመግለጽ የተፈጠረው «ጎጇዊ» የሚለው ቅጽል ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከወፍ ጎጆ መምጣቱ እውነት ነው። በአማርኛ ግን ጎጆ የወጣ ሰው ከወላጆቹ ቤት የተለየ ሰው ስለሆነ፣ ስያሜው የታሰበውን ተቃራኒ ያሳስባል። በአማራጭነት የቀረበው «ተደራራቢ» ደግሞ ይብሳል። በፍላተር ስታክ የሚባል ዊጅት አለ፤ ሥራው በፎቶግራፍ ላይ ጽሑፍ እንደሚያርፍ ሁሉ ልጆቹን አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብ ነው። መካተትንና መደራረብን በአንድ ቃል የተማረ ሰው ዓምድ በሚያስፈልግበት ቦታ ስታክን ይጠቀማል፤ ጽሑፎቹም እርስ በርስ ተሸፋፍነው ያገኛቸዋል። ጥፋቱ ከእርሱ ሳይሆን ከመዝገበ ቃላቱ ነው። እኛ «ተካታች» የሚለውን እንመርጣለን፤ ካተተ ከሚለው ግሥ አካታችም መካተትም ያለ ችግር ይገኛሉና።

«ወላጅ» እና «ልጅ» ግን ባሉበት ይቆዩ እንላለን። ልጅ በወላጁ ውስጥ አይኖርምና ምሳሌው አይሠራም የሚል ተቃውሞ ከመካከላችን ተነሥቶ ነበር። ይሁን እንጂ የገጹ አቀማመጥ ሲሰላ ወላጁ ለልጁ የስፋትና የቁመት ገደብ ይሰጠዋል፤ ልጁ በገደቡ ውስጥ መጠኑን ወስኖ ለወላጁ ያስታውቃል፤ የሚቀመጥበትን ቦታ ግን የሚወስነው ወላጁ ነው። ልጁ ቦታውን ራሱ አይመርጥም። ይህን ሥርዓት ባገራችን ቤት ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል! «አቃፊ» የሚለው በኮምፒዩተር የሰነድ ማኅደርን ለመጥራት ስለ ዋለ ሊተካው አይችልም። ለክላስ ውርስ ደግሞ «አውራሽ» እና «ወራሽ» ቢባል ሁለቱ ግንኙነቶች አይምታቱም።

ከውጭ የሚተወውን ባዶ ቦታ «ኅዳግ» ማለታቸው መልካም ነው፤ ከመጽሐፍ ገጽ የተወሰደ የታወቀ ቃል ነው። ከውስጥ የሚተወውን «ጉዝጓዝ» ማለታቸው ግን አላስደሰተንም። ጉዝጓዝ በቡና ሥነ ሥርዓት እንደሚነሰነሰው ሣር ቦታ የሚሞላ ነገር ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ባዶነቱ ነው። «ውስጠ ኅዳግ» ቢባል ከመጀመሪያው ጋር ጥንድነቱን ይጠብቃል። ስቴትን «ሁናቴ» ማለታቸውን ያለ ክርክር ተቀብለናል።

ረቂቁ ለእያንዳንዱ ስያሜ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተጨምሮለት፣ በተለይም ስለ ገደብና ስለ መጠን የሚናገረው ክፍል እንደገና ተጽፎ እንዲመለስልን ጠይቀናል።