የቀላ ሁሉ ያረጀ አይደለም

ከዌምብሊ ሆኖ ኤም 74 የተባለችውን ጋላክሲ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ እንኳ ማየት ይከብዳል። የከተማው ብርሃን ሰማዩን አፍዝዞታል። ብዙም ሳይርቅ፣ ሚል ሂል ላይ፣ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የምልከታ ጣቢያም ከዚሁ ብርሃን ጋር ይታገላል። እኔ የምሠራው ለማንም ክፍት በሆኑ የሃብል፣ የጄምስ ዌብና የቺሊው አልማ ቴሌስኮፖች ምስሎች ነው።

ኤም 74 ከእኛ 32 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ሃብል ወጣት ከዋክብቷን፣ አልማ ቀዝቃዛ ጋዟን፣ ዌብ አቧራዋን ያሳየኛል። በዌብ ምስል የሚደምቁት የካርቦን ሞለኪውሎች የማድ ቤት ጥላሸት ዘመዶች ናቸው። የወጣት ከዋክብት አልትራቫዮሌት ሲያርፍባቸው በኢንፍራሬድ ያበራሉ፤ ሲበረታባቸው ግን ይሰባበራሉ። ስለዚህ በብርቱ የከዋክብት ስብስብ ዙሪያ መሃሉ የጠቆረ፣ ጠርዙ የደመቀ ጉድጓድ ይታያል።

ከማነጻጸሬ በፊት ጥርት ያሉትን ምስሎች አደበዝዛለሁ። አልማ በዚያ ርቀት ከ170 የብርሃን ዓመት ገደማ ያነሰውን አይለይም፤ ሌሎቹም ወደዚያው መውረድ አለባቸው። የዌብን ውበት በገዛ እጅ ማጥፋት ያሳዝናል፤ ሳይደበዝዝ የተሠራ ንጽጽር ግን አላምንም።

ከባዱ ሥራ የስብስቦቹን ዕድሜ መለካት ነው። ስብስብ ሲያረጅ ይቀላል፤ አቧራ ሲጋርደውም ይቀላል። ዕድሜ የሚገምተው የኮምፒውተር ፕሮግራም በቀለሙ ብቻ ፈርዶ አንዱን ቀይ ስብስብ ብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመት ይሰጠዋል። ያንኑ ቦታ በሌሎቹ ምስሎች ሳየው ዙሪያው የጋለ ሃይድሮጅን ያበራል፤ ጎኑ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ አለ። ሃይድሮጅንን እንዲህ የሚያበሩ ግዙፍ ከዋክብት ዕድሜያቸው ከ10 ሚሊዮን ዓመት እምብዛም አያልፍም። ስብስቡ ወጣት ነው፤ ያቀላው አቧራው ነው።

ይህ ስህተት ካልታረመ ጋዝና ከዋክብት ለረጅም ዘመን አብረው የሚኖሩ ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። ፋንግስ የተባለው የጋላክሲ ጥናት ቡድን ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት የዘጠኝ ጋላክሲዎች ጥናት፣ ግዙፎቹ ከዋክብት ብቅ ካሉ በኋላ የጋዝ ደመናው ከ1 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ይበተናል። ወደ ኮከብ የሚለወጠው ከጋዙ ከ4 እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው። በብዙ ቦታ ጋዙን የሚያባርረው ሱፐርኖቫ ሳይሆን ቀድሞ የሚደርሰው የከዋክብቱ ብርሃንና ነፋስ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያሳየን በትክክል የተለካ ዕድሜ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው አንድ ቀይ ነጥብ ላይ ቀኑን ሙሉ መቆየት የማይከብደኝ።

ትንንሾቹ ስብስቦች አሁንም ያስቸግሩኛል። ወጣት ሆነው፣ በአጋጣሚ አንድም ግዙፍ ኮከብ ላይኖራቸው ይችላል፤ ያኔ የሃይድሮጅኑ ምስክርነት ይጠፋል። ለእነሱ አንድ ዕድሜ አልጽፍም፤ ከዚህ እስከዚያ ብዬ አሰፋዋለሁ።