አብዶው ካለቀ በኋላ

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ኳስ ሲወራ «አብዶ»ን የሚያክል ክብር ያለው ቃል የለም። ጎል ያገባ ልጅ ይመሰገናል፤ አብዶ የሠራ ልጅ ግን ይተረካል። ጎርፍ በሌለበት ወቅት በደቻቱ አሸዋ ላይም ይሁን ሳቢያን ሜዳ፣ ተከላካዩን በአንድ የወገብ እጥፋት መሬት ያስቀመጠ ልጅ ስሙ ከሰፈሩ አልፎ ይሄዳል። ሁለት ሰው አልፎ ሦስተኛው ቢቀማው እንኳ፣ ማታ ነፋስ ሲገባ በረንዳ ላይ የሚወራው ስላለፋቸው ሁለቱ ነው። «አቦ፣ እንዴት አድርጎ እንዳለፈው አየኸው?» ይባላል። በዚያው ቅጽበት ቀኝ መስመር ላይ ብቻውን ቆሞ፣ እጁን አንስቶ ኳስ ይለምን የነበረውን ልጅ የሚያስታውሰው የለም።

እኔ የምከራከረው ለእሱ ነው። አብዶን ለመንቀፍ አይደለም፤ አብዶ የሌለው ኳስ በበኩሌ ጨው የሌለው ወጥ ነው። የምነቅፈው አብዶን የምናይበትን ዓይን ነው። ነገሩ ገና ሳያልቅ እናጨበጭባለን፤ ካጨበጨብን በኋላ ደግሞ መጨረሻውን አናይም።

አብዶ ሜዳ ላይ ምን እንደሚሠራ ረጋ ብለን እንየው። አጥቂው አንድ ተከላካይ ሲያልፍ፣ ሌላ ተከላካይ የራሱን ሰው ትቶ ቀዳዳውን ለመድፈን ይመጣል። መምጣት ግድ ይለዋል፤ ካልመጣ አጥቂው በቀጥታ ወደ ጎል ይሄዳል። እሱ ሲመጣ ታዲያ ትቶት የመጣው ሰው ነፃ ይሆናል። ስለዚህ የአብዶ ዋናው ፍሬ የታለፈው ተከላካይ ሳይሆን ነፃ የወጣው ጓደኛ ነው። ይህ ነፃነት የሚቆየው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ኳሱ በዚያ ጊዜ ካልደረሰው ተከላካዮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ አብዶውም እንዳልነበረ ይሆናል።

ይህን ጥርት አድርጎ ያሳየኝ የእኛ ሳይሆን የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ነው፤ ያ በእጅ የሚወረወረው። በእነሱ ጨዋታ ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች «ኳርተርባክ» ይባላል። ሥራው ወደ ፊት ከሚሮጡት ጓደኞቹ መካከል ማን ነፃ እንደሆነ አይቶ ለእሱ መወርወር ነው። አንዳንዴ ግን ቡድኖቹ ማታለያ ያዘጋጃሉ፦ ኳሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና መወርወር ሥራው ላልሆነ ሰው ይደርሳል፤ ኳርተርባኩ ራሱ ተቀባይ ሆኖ ይሮጣል። ጥር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. በተደረገው የሱፐር ቦውል ጨዋታ ሁለቱም ቡድኖች ይህንኑ ሞከሩ። ኒው ኢንግላንድ ፓትርየትስ ኳርተርባካቸውን ቶም ብሬዲን ነፃ አወጡት፤ ዳኒ አሜንዶላ ወረወረለት፤ ኳሱ የብሬዲን ጣት ነክቶ ወደቀ። ፊላደልፊያ ኢግልስ በተራቸው ኒክ ፎልስን ነፃ አወጡት፤ ትሬይ በርተን ወረወረለት፤ ፎልስ ያዘው፣ ነጥብ ሆነ። ኢግልስ 41 ለ 33 አሸነፉ። ተከላካዮቹ ሁለቱም ጊዜ ተሸውደዋል። ልዩነቱ የመጣው ከሽወዳው በኋላ ነው።

በእንዲህ ያለው ማታለያ ላይ አንድ አደጋ አለ። ወርዋሪው አንድ ሰው ብቻ እንዲያይ ተነግሮታል። ያ ሰው ከተያዘበት፣ በሌላኛው ጥግ ብቻውን የሚሮጠውን ሰው ፈልጎ የማግኘት ልማድ የለውም። ኳርተርባክ ይህን ለዓመታት ይለማመደዋል፤ እሱ ግን የዛሬ ወርዋሪ ነው። ማታለል መቻልና ማየት መቻል ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የሰፈራችን አብዶኛ የቸገረውም ይኸው ሁለተኛው ነው።

«ታዲያ ማራዶናስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ፣ ወደ ማራዶና እንሂድ። በ1978 ዓ.ም. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ላይ ያገባትን ሁለተኛ ጎል የማያውቅ የለም። ከራሱ ሜዳ ተነስቶ፣ አንዱን ከሌላው አስከትሎ፣ በረኛውንም ጨምሮ አልፎ ያገባት ናት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሆርሄ ቫልዳኖ በግራ በኩል አብሮት ይሮጥ እንደነበር ነው። ቫልዳኖ በኋላ እንደተናገረው፣ ማራዶና ከጨዋታው በኋላ አይቶት እንደነበርና ሊያቀብለው ቀዳዳ እየፈለገ እንደነበር ነግሮታል። ያን ሁሉ ሰው እያለፈ እንኳ ዓይኑ ኳሱ ላይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። አለማቀበልና አለማየት አንድ አይደሉም። ማራዶና አይቶ ነው ሌላውን የመረጠው።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ቱሪን ላይ አርጀንቲና ከብራዚል ተገናኘች። ብራዚል ጨዋታውን በአመዛኙ ተቆጣጥራ፣ የጎል ብረት ሳይቀር መትታ፣ ጎል ግን አልሆነላትም። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ማራዶና ከመሃል ሜዳ ኳስ ይዞ ተነሳ። ብራዚሎች ተሰብስበው መጡበት። ሊወድቅ ሲል፣ በደካማው ቀኝ እግሩ፣ በመካከላቸው ለካኒጂያ አሾለከለት። ካኒጂያ ብቻውን ነበር። በረኛውን ታፋሬልን አልፎ አገባ፤ 1 ለ 0፣ ብራዚል ወደ አገሯ። ይህ ሩጫ እንደ ሜክሲኮው አይተረክም። እኔ ግን ለአንድ ታዳጊ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አሳይ ብባል የቱሪኑን ነው የማሳየው፤ የሜክሲኮውን የሚደግም ሰው ስንት ይወለዳል? ጋሪንቻንም ማንሳት ይቻላል። በአብዶው ዓለም ያወቀው ጋሪንቻ በ1950 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ስዊድን ላይ ሁለት ጊዜ በቀኝ መስመር አልፎ ሁለት ጊዜ አሻማ፤ ቫቫ ሁለቱንም አገባ።

እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው። በእኛ ሙያ «ስግብግብ» የሚባል ስሌት አለ፤ ስድብ አይደለም፣ ስሙ ነው። ፕሮግራሙ በየደረጃው ለዚያች ቅጽበት የሚሻለውን ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አያሰላም። ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። አንዳንዴ ግን በየእርምጃው ልክ እየሆነ ሄዶ ሄዶ መውጫ የሌለው ቦታ ይገባል። አንገቱን ደፍቶ የሚጫወት አብዶኛ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ማለፉ ልክ ነበር፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ግን የማዕዘን ባንዲራው ሥር ነው፤ ሁለት ሰው ከቦታል፤ ጎሉም ከኋላው ቀርቷል። እያንዳንዱ እርምጃ ጭብጨባ አግኝቷል፤ ድምሩ ግን ዜሮ ነው።

ይሁን እንጂ ልጁን «ራስ ወዳድ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ስንፍና ይመስለኛል። ጠጠርና አሸዋ ላይ ኳስ ወደፈለገችበት ትነጥራለች፤ ዓይንህን ካነሳህ ታመልጥሃለች። አንገት መድፋት እዚያ ጥንቃቄ ነው። በዚያ ላይ «ካቀበልኩ አትመለስልኝም» የሚል የሰፈር ሕግ አለ፤ እውነትም አትመለስም። ቀጥሎ የክለብ ምርጫ ይመጣል፦ ብዙ ልጅ በአንድ ሜዳ፣ አሠልጣኙ ዳር ቆሞ፣ እያንዳንዱ የሚታይበት ጥቂት ደቂቃ። በዚያች ጥቂት ደቂቃ አንዲት ኳስ በጊዜዋ፣ ለትክክለኛው ሰው ያቀበለ ልጅ ማን ልብ ይለዋል? ሁለት ሰው ያለፈውን ግን ሁሉም ያየዋል። ልጁ ሒሳቡን ሠርቶ ነው አንገቱን የደፋው።

የጠጠሩ ሰበብ ግን የሚሠራው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። ጌየር ዮርዴት የሚባል የኖርዌይ ተመራማሪ፣ ተጫዋቾች ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ባሉት ሰከንዶች ስንት ጊዜ ዞር ዞር ብለው እንደሚያዩ ለዓመታት አጥንቷል። ደጋግመው የሚያዩት በማቀበል የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ነፃው ሰው የሚታየው ኳሱ እግር ሥር ሳይገባ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጠጠሩ አያስቸግርም፤ ቀና ብሎ ማየት ሣር አይጠይቅም፣ ታኬታም አይጠይቅም። ከዳር ሆነን «አቀብል! አቀብል!» እያልን የምንጮኸው ጩኸት የማይጠቅመውም ለዚህ ነው። እኛ ስንጮህ ልጁ ማየት የነበረበት ሰዓት አልፏል።

የእኛን ዓይን ካበላሹት ነገሮች አንዱ ካሜራው ነው። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጋችን በሱፐርስፖርት መተላለፍ ጀመረ፤ የድሬዳዋ ስታዲየምም ካስተናገዱት ሜዳዎች አንዱ ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ አይካድም። ነገር ግን ካሜራ ኳስ ይከተላል፤ ነፃው ሰው ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ውጪ ነው። ስታዲየም ተቀምጦ የሚያይ ሰው ግን ሜዳውን ሙሉ ያያል፦ በወዲያኛው መስመር እጁን ያነሳውን፣ ተስፋ ቆርጦ እጁን ያወረደውን፣ በሦስተኛው ጊዜ መሮጥ ያቆመውን። በተለይ ይህ የመጨረሻው ያሳዝነኛል፤ ደጋግሞ ያልታየ ሰው ነፃ መሆኑንም ይተወዋል። በስልክ የሚዞረው አጭር ቪዲዮ ደግሞ ይብሳል። ተከላካዩ ሲወድቅ ይቆረጣል። ኳሱ ከዚያ ወዴት ሄደ? ተቀማ? ወደ ውጪ ወጣ? ለቪዲዮው ጉዳዩ አይደለም።

ቋንቋችንም አልረዳንም። ለሚያታልለው «አብዶኛ»፣ ለሚያገባው «ጎል አዳኝ» ብለን ስም አውጥተናል። ነፃ ሰው ለሚያየው ልጅ ግን ስም የለንም። «አቀባይ» ስንለው ለግንበኛ ጭቃ የሚያቀብል ይመስላል። ኮሜንታተሮቻችን «አመቻችቶ አቀበለው» የምትለዋን ሐረግ በለሆሳስ ያልፏትና ድምፃቸውን ለአግቢው ያስቀምጣሉ።

ይህች ከተማ ግን ከአብዶ ሌላ ወሬም አላት። ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወደ ድሬዳዋ አምጥቷል። ሉቻኖ ቫሳሎ የዚህ ክለብ ተጫዋች ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ አምበሉ እሱ ነበር። ቡድኑ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኗል። ጎሎቹን ያገቡት ተክሌ ኪዳኔ፣ ሉቻኖ ራሱ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። አራት ጎል፣ አራት ሰው። አንድ ውጤት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም ዋንጫው ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፣ እኛም ከዚያ ወዲህ «ችሎታማ አለን፣ የጎደለን ሌላ ነው» እያልን እንጽናናለን። የጎደለውን ነገር ግን ስሙን ጠርተነው አናውቅም።

በሚቀጥለው ጊዜ ስታዲየም ስትገቡ አሥር ደቂቃ ኳሱን ተዉት። ኳስ የሌላቸውን ተመልከቱ፤ ማን ነፃ እንደወጣ፣ ማን እንዳየው፣ ማን እንዳላየው። መጀመሪያ አሰልቺ ነው፤ ከዚያ ሌላ ጨዋታ ይገለጥላችኋል። የሰፈር ቡድን የምታሠለጥኑ ደግሞ በምርጫው ቀን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ «ዛሬ የምጽፈው ስንት ሰው እንዳለፋችሁ ሳይሆን፣ ካለፋችሁ በኋላ ኳሱ ማን ጋ እንደደረሰ ነው» በሏቸው። አብዶውን አይተዉትም፣ አትፍሩ። ሒሳብ የሚያውቁ ልጆች ናቸው፤ የምንቆጥረው ከተለወጠ ቀና ማለት ይጀምራሉ።