የመጀመሪያውን ንገሪኝ

«ወተት የለኝም» የምትል ነፍሰ ጡር ስትመጣልኝ፣ ጡቷን ከማየቴ በፊት የመጀመሪያ ልጇን ነገር አስነግራታለሁ። በምን ወለደች? ልጁ ጡት የያዘው በተወለደ በስንት ሰዓቱ ነው? ከዚያ በፊት አፉ የገባ ነገር አለ? ሕመሙ በስንተኛው ቀን ጀመረ? ጡጦውን ማን ገዛው? ይህን ያህል ተጠይቃ የምታውቅ እናት ጥቂት ናት። «አልሆነልሽም» ተብላ፣ እሷም አምና ተቀብላ ነው ለሁለተኛው የምትመጣው።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም አዲስ አበባ፣ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ነው። ለክትትል የሚመጡት እናቶች ስለ ደም ግፊት፣ ስለ አይረን ኪኒን፣ ስለ አልትራሳውንድ ይጠይቁኛል። ስለ ማጥባት የሚጠይቁኝ ግን የመጀመሪያው ያልሆነላቸው ናቸው፤ እነሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሰባት ወር የገባት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከእናቷ ጋር መጣች። «ሲስተር፣ የኔ ጡት ደረቅ ነው» አለችኝ። እናቷ ከደብረ ብርሃን የመጡ ናቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ «በዘራችን ደረቅ ጡት የለም፤ ያኔ ብርድ መቷት ነው» አሉ። ሁለቱንም ሰማሁና ታሪኩን ከመጀመሪያው አስጀመርኳት።

የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ልጁ ለብዙ ሰዓት ሌላ ክፍል ቆየ፣ ጡጦም ተሰጠው። ሲያመጡላት ጠግቦ ተኝቷል። በሦስተኛው ቀን ጡቷ ደነደነ፣ ትኩሳት ትኩሳት አላት። ልጁ የሚይዘው ጫፉን ብቻ ስለነበር ጫፉ ተሰንጥቆ ደማ። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ከዚያ «ትንሽ ትተኛ» ተብሎ የሌሊቱ በጡጦ ሆነ፤ ቀጥሎ የቀኑም። ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው ጡቱ ቆመ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የወተት እጥረት የት አለ? ጡቱ የደነደነው እኮ ወተት ሞልቶበት ነው! የጠፋው ወተቱን በደንብ ስቦ የሚያወጣ አፍ ነው። ጡት የሚያመርተው በወጣለት ልክ ነው፤ ሌሊቱን ሳይጠባ ካደረ በሚቀጥሉት ቀናት ይቀንሳል። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ማንም አልነገረኝም» አለች።

ለእንደዚህ ዓይነት እናት ሁልጊዜ የምነግረው አንድ ጥናት አለ። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል የሚሠሩ ተመራማሪዎች የ22 እናቶችን ወተት ለመጀመሪያውም ለሁለተኛውም ልጃቸው ለክተው በ2001 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አውጥተውታል። በመጀመሪያው ሳምንት ለሁለተኛው ልጅ የወጣው ወተት በአማካይ በ31 በመቶ ይበልጣል። ይበልጥ የሚያስደስተኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ የጨመረው በመጀመሪያው ጊዜ ትንሽ ወተት የነበራቸው እናቶች ወተት መሆኑ ነው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም በየቀኑ ከማየው ጋር ይገጥማል፤ አንዴ ያጠባ ጡት፣ ለጥቂት ሳምንት እንኳ ቢሆን፣ ሁለተኛውን ከዜሮ አይጀምርም።

ስለዚህ የምናዘጋጀው ጡቱን አይደለም። ጫፉን በፎጣ ማሸት፣ መጎተት፣ ቅባት መቀባት አያስፈልግም። የምናዘጋጀው እጇን፣ ቤቷንና የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ነው።

ከእጇ ጀመርን። ፎጣ ጠቅልለን ሕፃን አደረግነው። የልጁ ሆድ ሆዷን ይንካ፣ አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ ይሁን። ጫፉን ላይኛው ከንፈሩ ላይ ታስነካውና እንደሚያዛጋ ሰው አፉን በሰፊው እስኪከፍት ትጠብቃለች። ሲከፍት ልጁን ወደ ጡቱ ታመጣዋለች እንጂ ጡቱን ወደ ልጁ ጎንበስ ብላ አትወስድም። አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይቀለበሳል፣ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል የላይኛው ከታችኛው ይበልጥ ይታያል። ገና ሲይዝ ለአፍታ ቢያም ያልፋል። ሕመሙ ከቀጠለ ግን መቻል የለም፤ ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታላቅቀውና እንደገና ታስይዘዋለች። አሥር ጊዜም ቢሆን።

እናቷ ይህን ሁሉ እያዩ «እኔ ሰባት ያጠባሁት ማንም ሳያስተምረኝ ነው» አሉ። «እማማ፣ እስቲ እንዴት እንደሚያጠቡ ያሳዩን» አልኳቸው። ከመመርመሪያው አልጋ ላይ በጎናቸው ተጋድመው ፎጣውን ከጎናቸው አስተኙና ጀርባውን በክንዳቸው ደገፍ አደረጉት። ሆዷ ለተሰፋ እናት ይህ የሚመች አያያዝ ነው፤ ስፌቱን የሚጫን ነገር አይኖርም። ልጃቸው በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸው።

አያቶችን የሚገፋ ባለሙያ አልወድም። ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ ከእናቲቱ አጠገብ ያሉት እነሱ ናቸውና። «ራበው፣ ጡጦ ይምጣ» ካሉ የኔ ምክር ሁሉ ያን ሌሊት ያልቃል። «አምጪው፣ በሌላኛው ጡት ሞክሪ» ካሉ ግን እኔ ባልኖርም ሥራው ይሠራል። ለአራስ ልጅ ቅቤ የማስላስን ነገር አንስተን ተነጋገርን፤ ቅቤው ለአራሷ ገንፎ እንዲሆን ተስማማን። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው በአገራችን ከእናት ጡት በፊት ሌላ ነገር የሚቀምሱት ሕፃናት 8 በመቶ ናቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የሚጀምሩት ደግሞ 73 በመቶ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በማየው የከተማ ኑሮ ግን የቅቤውን ቦታ ጡጦው እየወሰደው ነው።

ከባሏ ጋር የተነጋገርነው ስለ ኦፕራሲዮኑ ክፍል ነው። ዳግመኛ በኦፕራሲዮን ብትወልድም ወገቧ ላይ በሚሰጥ ማደንዘዣ ከሆነ ንቁ ስለምትሆን ልጁ ወዲያው ደረቷ ላይ ሊደረግላት ይችላል። ይህን የሚጠይቀው እሱ ነው። ሐኪም ምክንያት ኖሮት ካላዘዘ በቀር ጡጦ እንዳይሰጥም እሱ ይናገራል።

ሁሉም ችግር ግን በአያያዝ አይፈታም። ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ የታይሮይድ ሕመም ያለባት፣ ጡቷ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ወይም በእርግዝናው ጡቷ ምንም ለውጥ ያላሳየ እናት በእውነት ወተት ሊያንሳት ይችላል። እሷን አስቀድሜ ወደ ሐኪም እልካለሁ። ጭማሪ ወተት ቢያስፈልግ መስጠት ሽንፈት አይደለም፤ ያለውን ጡት ደግሞ መተው የለባትም።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ስድስት ወር ጡት ብቻ ስጪ እንላለን፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከሲ.ኤም.ሲ ተነስታ መገናኛን አልፋ ቢሮ የምትገባ እናት የቀረውን ሦስት ወር ወተቷን በየጥቂት ሰዓቱ አልባ ካልሆነ እንዴት ትዘልቀዋለች? የምታልብበት በሩ የሚዘጋ ክፍል መኖሩን ከመውለዷ በፊት አለቃዋን እንድትጠይቅ አደረግኩ።

የመጨረሻው ቀጠሮ በወለደች በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያኔ ጡቷ የደነደነበትና ሁሉም የተበላሸበት ቀን። መምጣት ካቃታት እኔ እደውላለሁ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ልጁ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ዳይፐር ማርጠብ አለበት፤ በሁለት ሳምንቱ የተወለደበትን ክብደት መመለስ አለበት። ይህን ሁለት ነገር በካርዷ ጀርባ ጻፍኩላት፤ እናቷም እንዲነበብላቸው ጠየቁ።