የመጸው ጨዋታ በጓሮ

ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚዘልቀው ዘመነ መጸው፣ ክረምቱ ያለሰለሰውን ምድር በአበባና በእሸት ሲሸልም፣ በደጋው አገር ገና ድክ ድክ ለሚል ሕፃን ደግሞ ዋጋ ያልተቆረጠለትን የጨዋታ ዕቃ በየጓሮው ያሰናዳለታል፤ ይህንንም በረከት በጥበብ ለሚጠቀሙበት፣ ጥበባቸውንም ትምህርት ብለው ለማይጠሩት እናቶችና አያቶች ምስጋና ይገባቸዋል።

የባቄላ እሸት የምትፈለፍል አያት የልጅ ልጇን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ፍሬው ወደ አፉ እንዳይሄድ ዓይኗን ሳትነቅል፣ እሸቱን እንዲከፍት ስትሰጠው ጣቶቹን ታሠለጥናለች፤ «አንድ፣ ሁለት» እያለችም ሰፌዱ ላይ ስትጥል ኍልቍን ታስለምደዋለች። እናትም ከዝናቡ የተረፈውን ጭቃ አሽታ ላምና በሬ ስትሠራለት፣ እርሱ ቀንዱን ሰብሮ መልሶ ሲለጥፍ፣ እርጥቡና ደረቁ፣ ለስላሳውና ሻካራው በመዳፉ ይለይለታል። ቤተ ክርስቲያን እስከ ኅዳር 5 ቀን በማኅሌት በምታከብረው በወርኃ ጽጌም፣ የአደዩን ቢጫ ከሣሩ አረንጓዴ እየለየ ኅብረ ቀለማትን ያለ አስገዳጅ ያጠናል።

ይህ ልማድ ቢቀር፣ ገበያ የሚያመጣው የፕላስቲክ መጫወቻ የጓሮውን ድምፅና ቀለም ይተካ ይሆናል፤ የእሸቱን ሽታ፣ የጭቃውን ቅዝቃዜ፣ ይልቁንም ሥራዋን ሳታቋርጥ ከልጁ ጋር የምታወጋዋን አያት አንደበት ግን ከቶ አይተካም፤ ሕፃኑ የመጀመሪያ ቃላቱን የሚቀስመው ከዚያ አንደበት ነውና።