«ለጌጥ ነው» የሚለው ሰበብ

 

ከዘንገና ሐይቅ ወደ እንጅባራ አልፎ ወደ ቻግኒ የሚታጠፈው መንገድ መተከል ያደርሳል። በመተከል፣ በቡለንና በማንኩሽ አካባቢ፣ እብነ በረድ ይገኛል። ነገ ልጆቻችን ይህን ድንጋይ መቅረጽ ቢማሩ ምን ይሠሩበት ይሆን?

በሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ የዚህ ሙያ ትልቅ ገበያ አለ። ከማክራና የሚወጣው ነጭ እብነ በረድ የአማልክት ምስል ሆኖ ይቀረጻል፤ ዐይኑና ከንፈሩ ቀለም ተቀብቶ በመንገድ ዳር ሱቆች ለሽያጭ ይደረደራል። የእጅ ጥበቡን አንክድም፤ የልብሱ እጥፋት ሳይቀር በድንጋዩ ላይ ይታያል። በሂንዱዎች ልማድ ካህኑ ሥርዓቱን እስኪፈጽምለት ድረስ ምስሉ ለአምልኮ አልበቃም። ስለዚህ «ገና ድንጋይ ነው፤ ለጌጥ ብንገዛው ምን አለበት?» የሚል ከእኛም መካከል አይጠፋም።

መልሱ ግን ቀድሞ ተሰጥቷል። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስካሪ መጠጥን፣ በክትን፣ አሳማንና ጣዖትን መሸጥ ሐራም መሆኑን እንዳወጁ ጃቢር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሰዎች የበክት ስብ ለመርከብ፣ ለቆዳና ለመብራት እንደሚጠቅም ቢያነሱም ፍርዱ አልተለወጠም። ጥቅም ያልለወጠውን ፍርድ ጌጥ እንዴት ይለውጠዋል?

ይሁን እንጂ በሙያተኛው ላይ የእንጀራ በር አልተዘጋም። ምስል በመሥራት የሚተዳደር ሰው ኢብን ዐባስን (ረ.ዐ.) ቢጠይቃቸው፣ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መክረውታል። ድንጋዩም በደል የለበትም። የጥንት ግሪኮች በታሶስ ደሴት እብነ በረድ ምስል ይቀርጹ ነበር፤ ዛሬ የዚያው ደሴት ነጭ ድንጋይ በካዕባ ዙሪያ ተነጥፎ በጠራራ ፀሐይ ጠዋፍ ለሚያደርጉት እግር ቀዝቃዛ ሆኖላቸዋል።

ወገኖቼ! ይህን ሰምታችሁ ጣታችሁን ወደ ጎረቤት አትቀስሩ። የሌሎችን አማልክት መሳደብን ቁርኣን በሱረቱል አንዓም ከልክሏል። ይልቅ የራሳችንን ግድግዳ እንመልከት። አያተል ኩርሲ የተቀረጸበት የእብነ በረድ ሰሌዳ በሳሎን ተሰቅሎ፣ ልጆቻችን ትርጉሙን ካላወቁ፣ ወይም ሰሌዳው ራሱ ቤቱን ይጠብቃል ብለን ካሰብን፣ እኛስ «ለጌጥ ነው» ልንል ነውን? ጠባቂው አላህ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ አንቀጹን አስቀሯቸው፤ ትርጉሙንም ንገሯቸው። ይህን የተማረ ልጅ የመተከል እብነ በረድ እጁ ሲገባ ሚሕራብ ይቀርጽበታል እንጂ ጣዖት አይቀርጽበትም።

አላህ ከሽርክ፣ ከትልቁም ከትንሹም፣ ይጠብቀን። አሚን።