ፍርሃቱ የማን ነው? በሐረር ስለሚሠራ ልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ

ተማሪዎች ካሜራ ሲይዙ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው፤ ከዚያውም ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ የሚሆነውን መክፈቻውን። ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም። ሙሉ ታሪክ ለመሥራት ገንዘብም ጊዜም ያጥራል፤ መክፈቻ ግን ዕቅድን፣ ቀረጻንና ቅንብርን በአንድነት የሚፈትን አጭር ሥራ ነው። ቦታው ሐረር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሁሉ የተመቻቸ ይመስላል። ጠባብ መንገድ፣ ከፍ ያለ ግንብ፣ የተዘጋ በር፣ ማታ የጅብ ድምፅ፤ ለማስፈራራት ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መመቻቸት ራሱ ወጥመድ መሆኑን ማስረዳት ነው። በእኛ አስተያየት ጥሩ መክፈቻ ተመልካቹ ለአንድ ሰው እንዲፈራለት ያደርጋል፤ ደካማ መክፈቻ ግን ከተማውን እንዲፈራ ያደርገዋል።

ከተማውን ማስፈራሪያ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ቆየ፤ በሚከተለው ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ከተማዋን ለባዕድ የተከለከለችና አደገኛ አድርጎ አቀረባት። አንባቢዎቹ በሩቅ አገር ተቀምጠው የሚያነቡ ነበሩና ግንቡን ያዩት ከውጭ ብቻ ነው። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ የታነጸው ይህ ግንብ ግን በውስጡ ለሚኖሩት መጠበቂያቸው ነበር። ዛሬ በዚሁ ከተማ የሚኖር ተማሪ ካሜራውን ከግንቡ ሥር አቁሞ በጨለማና በሙዚቃ ሲያስፈራራን፣ ሳያስበው የበርተንን ዐይን ተውሷል ማለት ነው።

የጅቡም ነገር እንዲሁ ነው። ለሌላ ቦታ ተመልካች የጅብ ጩኸት የሞት ምልክት ሊሆን ይችላል። የሐረር ሰው ግን ጅብ ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ጥራጊውን በልቶ እንደሚወጣ ያውቃል፤ በአሹራ በዓልም ገንፎ ያቀርብለታል። በሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው «ሃይራት» በተባለው አጭር ፊልም ማታ ማታ ጅብ የሚያበላውን ሰው ስታሳየን፣ የምናየው ድንጋጤ ሳይሆን ዝምድና ነው። እንግዲህ ጅብን ያለ ምክንያት በመክፈቻ ላይ ማስጮህ የጁገልን ተመልካች አያስፈራውም፤ ያስቀዋል እንጂ። ይልቁንስ እርሱን የሚያሳስበው ጅቦቹ በለመዱት ሰዓት ሳይመጡ የቀሩ እንደ ሆነ ነው።

ታዲያ ፍርሃት ከምን ይመጣል? አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1966 ፍራንሷ ትሩፎ ባሳተመው የቃለ መጠይቅ መጽሐፍ ውስጥ የሰጠው ማብራሪያ የታወቀ ነው። ሰዎች በሚጨዋወቱበት ጠረጴዛ ሥር ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሴኮንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡን አስቀድሞ ያየ እንደ ሆነ ግን ተራው ጨዋታ ራሱ ይጨንቀዋል። ስለዚህ የጭንቁ ምንጭ ጨለማ ሳይሆን ዕውቀት ነው። ፍሪትስ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በሠራው «ኤም» በተባለው ፊልም መክፈቻ ላይ እናት ማዕድ አሰናድታ ልጇን ትጠብቃለች፤ ሰዓቱን ታያለች፤ ወደ ደረጃው ወጥታ ትጣራለች። ግድያው አይታይም፤ ኳሷ ብቻዋን ትንከባለላለች፤ ፊኛዋም በሽቦ ላይ ተይዛ ትቀራለች። እኛ የምንጨነቀው ለልጅቱ ነው እንጂ በርሊንን አንፈራም። በአገራችንም ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረበው «ድፍረት» ውስጥ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ልጅ በጠላፊዎች ስትከበብ፣ ሜዳው ብሩህ፣ ሰዓቱም ቀን ነው። የሚያስፈራው ፈረሰኞቹ ሊያደርጉ ያሰቡትን እኛ ማወቃችን ነው።

እንግዲህ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ይጀመር። እያንዳንዱን ቀረጻ በየሳጥኑ መንደፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ካሜራው የት እንደሚቆም ብቻ ነው። ከሳጥኑ ሥር ሌላ አንድ መስመር ሊጨመር ይገባል፤ ይኸውም ተመልካቹ እዚህ ላይ ምን ዐወቀ፣ ባለታሪኩስ ምን አላወቀም የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሳጥን ምንም ቢያምር ይሰረዝ።

ለምሳሌ ከፈረስ መጋላ የሚነሣውን መኪና ግርግርን እንውሰድ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። አንዲት ልጅ ሊጠገን የተሰጠውን የአባቷን ኮት ልትወስድ ትመጣለች እንበል። ሰፊው በገበሩ ውስጥ የተደበቀ ወረቀት አግኝቶ፣ አንብቦ፣ መልሶ ሲሰፋው አይተናል፤ እርሷ ግን አላየችም። ኮቱን ታቅፋ ስትሄድ ከኋላዋ አንዱ መኪና ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ ሦስተኛው። ቢላዋ የለም፤ ደም የለም። ቤት ስትደርስ አባትየው በአሚር ነደባ ላይ ተቀምጧል፤ በሐረሪ ቤት ይህ መደብ የቤቱ ጌታ የሚገባውን ሰው የሚያይበት ቦታ ነው። አባት የሚመለከተው ልጁን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን ደጅ ነው። መክፈቻው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። ይህ ታሪክ ከተማውን ሳያስፈራ በከተማው አሠራርና ድምፅ ብቻ ይቆማል።

ወደ ቀረጻው ስንመጣ ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ በጠባቡ መንገድ ፀሓይ ከመሬት የምትደርሰው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ነጭ በተቀባ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰውም ፊቱ ይጨልማል። ስለዚህ የየቦታው የብርሃን ሰዓት አስቀድሞ በዕቅዱ ላይ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የምትሄደው ልጅ በሚቀጥለው ቀረጻ ከቀኝ ወደ ግራ ብትሄድ ተመልካቹ የተመለሰች ይመስለዋል፤ በሚጠማዘዝ መንገድ ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ሦስተኛ፣ መንገዱ የሰዎች ደጅ ነው። የሩሲያው ሌቭ ኩሌሾቭ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች አንድ ፊት ትርጒሙን የሚያገኘው አጠገቡ ከተቀጠለው ሥዕል መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ በደጇ የተቀመጠችን ሴት ሳያስፈቅዱ ቀርጸው በቅንብር ጊዜ ከግድያ አጠገብ ቢያስቀምጧት፣ ያልሠራችውን ወንጀል ሠራች ማለት ነው። በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለው ሥዕል ከተመልካቹ አእምሮ ቶሎ አይጠፋም።

ይኸው ኩሌሾቭ የተራራቁ ቦታዎችን ቀጥሎ አንድ ሰፈር ማስመሰል እንደሚቻልም አስተምሯል። በዚህ ተመክቶ በሸዋ በር የገባችውን ልጅ ወዲያው በኤረር በር ሥር ማሳየት ይፈቀዳል ወይ የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው። ስም የሌለውን መንገድ ከሌላው ጋር መቀጠል የፊልም መብት ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን በር ግን በቦታው መተው ይሻላል፤ የሐረር ተመልካች መንገዱን ማረም የጀመረ እንደ ሆነ መፍራቱን ይተዋልና።

በቅንብር ላይ ትልቁ ፈተና ችኮላ ነው። ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 በሠራው «ሳይኮ» ያለው የገላ መታጠቢያ ቤት ግድያ በተቆራረጡ ብዙ ቀረጻዎች የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ከ40 ደቂቃ በላይ ከሴቲቱ ጋር ቆይተናል። መቆራረጡን ብቻ ወስዶ ዝግጅቱን መተው ከወጥ ውስጥ በርበሬውን ብቻ እንደ መቅዳት ነው። ኦርሰን ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 «ተች ኦቭ ኢቭል»ን በመኪና ውስጥ ቦምብ በማስቀመጥ ከፍቶ፣ ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቋረጥ መኪናውን እንዲከተል አድርጓል። የፊልሙ ኩባንያ በላዩ ላይ የሠራተኞችን ስምና ሙዚቃ ጨመረበት፤ ዌልስ በፊልሙ ላይ የተደረጉትን ለውጦች በ58 ገጽ ማስታወሻ ተቃወመ። ፊልሙ በማስታወሻው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1998 በዋልተር መርች እንደገና ሲቀናበር፣ ስሞቹ ከመክፈቻው ተነሥተው የመንገዱ ድምፅ ተሰማ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ እያለ የተዋስነው ሙዚቃ ለምን ያስፈልጋል?

ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ ሲጠናቀቅ መመዘኛው የውጭ ፊልም መምሰሉ አይሁን። መክፈቻው በመጀመሪያ በተቀረጸበት መንገድ ለሚኖሩት ይታይ። እነርሱ ለልጅቱ ከፈሩላት ሥራው ተሳክቷል፤ ከገዛ ደጃቸው እንዲፈሩ የተጠየቁ ከመሰላቸው ግን ወደ ወረቀቱ ይመለስ።